ትንሹ ካሴትና ትልቁ ካሴት

ስብሰባ እጠላለሁ። ዛሬም የዕድር ስብሰባ ሲጠራ የምትሄድልኝ ባለቤቴ ናት። ይህ አመል የያዘኝ በደርግ ጊዜ፣ ደብረ ብርሃን፣ በመንግሥት ሠራተኞች ክበብ ውስጥ ነው። ሁለት የቪዲዮ ማጫወቻዎች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሰባት የኮሚቴ ሰው አራት ወር ሙሉ የትኛው ይሻላል ሲባባል ከረመ። ከሰባቱ አንዱ እኔ ነበርኩ።

የአማርኛ መምህር ነበርኩ። ክበባችን አንድ አዳራሽ፣ ጨርቁ የተተረተረ የከረምቡላ ጠረጴዛ፣ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ አሳላፊ ነበረው። አሳላፊው ዕድሜያቸው ከአባቴ የሚስተካከል፣ በወጣትነታቸው ጠጅ ቤት በቀጂነት የሠሩ ሰው ነበሩ። ሻይ ያቀርባሉ፣ ወንበር ይደረድራሉ፣ ፊልም ሲታይ ደግሞ ማጫወቻውን የሚነኩት እሳቸው ናቸው፤ ሌላው ሁሉ ይነካካና ያበላሸዋል።

የመጀመሪያውን ማጫወቻ ያመጡልን አንድ የአልዩ አምባ ነጋዴ ናቸው። ከጅቡቲ ወንድሜ ላከልኝ አሉ፤ እንዴት እንደገባ እኛም አልጠየቅን፣ እሳቸውም አልነገሩን። በሁለት ብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ በበቅሎ ጭነው አቀበቱን ወደ አንኮበር አወጡት፤ ከዚያ በመኪና እኛ ዘንድ ደረሰ። «ወላሂ፣ እንቁላልም እንዲህ ተይዞ አያውቅ» አሉ። ቤታቸው መብራት ስላልነበረ ዕቃው ካርቶኑ ውስጥ እንደታሸገ ዓመት ከርሞ ነበር። ካሴቱ ትንሽ ነው፣ ዳዊት ያክላል። ምስሉ ግን ጥርት ያለ ነበር፤ የተዋናይቷ የጆሮ ጉትቻ ሳይቀር ይታያል።

ካሴት የምናገኘው ከየሰዉ ነው። አንዱ ዘመዱ ከውጭ የላከለትን፣ ሌላው ከአዲስ አበባ የለመነውን ያመጣል፤ ቁም ሣጥን ውስጥ እንቆልፍበታለን፣ አባል የሆነ ሁሉ ተራ ገብቶ ያያል። መሬቱ ተወርሷል፣ ትርፍ ቤቱ ተወርሷል፣ ካሴት ምን ይቀረዋል ብለን በፈቃዳችን ወረስነው። የህንድ ፊልም ነበር፣ ካራቴ ነበር፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ሠርግም ነበር። ዝርዝሩን በደብተር የምጽፍ እኔ ነኝ፤ የእጅ ጽሑፌ ያምራል ተብዬ።

ሰላማችንን የነሣን ሊቀ መንበራችን ነው። አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር፤ በዚህ ጉዳይ ግን አፌ እምቢ ይለኛል። ለሴሚናር አዲስ አበባ ሄዶ ሲመለስ ለሙከራ የተሰጠ ሌላ ማጫወቻ ይዞ መጣ። ካሴቱ ትልቅ ነው፣ በትንሹ አፍ አይገባም። የትንሹም ካሴት በትልቁ ውስጥ ይንከላወሳል እንጂ አይሠራም። «ጓዶች፣ አዲስ አበባ ሁሉም ወደ ትልቁ ዞሯል። እኛ ወደ ኋላ ልንቀር ነው?» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንድ ቁም ሣጥን ውስጥ የማይተዋወቁ ሁለት ዓይነት ካሴቶች መኖር ጀመሩ።

ለእውነቱ ከሆነ ሁለቱም የየራሳቸው ደግ ነገር ነበራቸው። ትልቁ ሦስት ሰዓት የሚፈጅ የህንድ ፊልም በአንድ ካሴት ይችላል፤ በትንሹ ሲሆን ልጅቷ የጠፋ ወንድሟን ሳታገኝ ካሴቱ ያልቅና ሁለተኛውን ፍለጋ ቁም ሣጥኑ ይበረበራል። ትልቁ ቢበላሽ መርካቶ የሚፈታው ሰው አለ ይባላል፤ ትንሹን ግን ፈጣሪ ካልጠገነው የሚጠግነው የለም። በምስል ደግሞ ትልቁ ከትንሹ አጠገብ አይቀርብም፤ ጉም የገባበት ይመስላል። ይህን ለማየት ከአንድ ምሽት በላይ አያስፈልግም ነበር። ሊቀ መንበሩ ግን «ንጽጽራዊ ጥናት ይቅረብ» አለ፤ ጥናቱ ለእኔ ተሰጠ። አሥራ አንድ ገጽ ጻፍኩ። «ጥናቱ ጥሩ ነው፣ ጓድ መምህር፤ ግን የመደብ ይዘቱ አልተብራራም» ተባልኩ። የማጫወቻ መደብ! እንደገና ጻፍ ተብዬ እንደገና ጻፍኩ፤ እጄን ይቁረጠው።

እኔ ትንሹን የደገፍኩት በምስሉ ብቻ አይደለም። ከአንኮበር የሚመጡ አንዲት እናት ነበሩ።

እኚህ እናት ሴት ልጃቸውን ሲድሩ የአልዩ አምባው ነጋዴ ተጠርተው ነበር፤ የቆየ የቤተሰብ ወዳጅ ናቸው። ከእሳቸው ጋር ከጅቡቲ የመጣ እንግዳ የቪዲዮ ካሜራ ይዞ ስለነበር ሠርጉን አነሣው፣ ካሴቱንም፣ ትንሹን ዓይነት፣ ለእናትየው ሰጥቷቸው ሄደ። የሙሽራዋ ወንድም፣ የሴትየዋ አንድ ወንድ ልጅ፣ በዚያው ዓመት ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። ዓመት ሳይሞላው መርዶው መጣ። ከእሱ የቀራቸው ለመታወቂያ የተነሣው ጉርድ ፎቶና ይህ ካሴት ነበር፤ ካሴቱን ደግሞ ማጫወቻ በሌለበት አገር አንድም ቀን አይተውት አያውቁም። ነጋዴው «ማጫወቻው ደብረ ብርሃን ገብቷል» ሲሏቸው ተነሥተው መጡ።

«ሲስቅ ልየው» አሉኝ ገና ከመቀመጣቸው። «ፎቶው ላይ አይስቅም። ሰው እንደተቆጣው ሆኖ ነው የተነሣው።»

የዚያን ቀን መብራት አልነበረም። ወደ አንኮበር የምትመለሰው የመጨረሻዋ መኪና እስክትሞላ ድረስ ጠበቅን፤ አልመጣም። ካሴቱን እኛ ዘንድ ተዉት። «ጭስ ቤት ከማስቀምጠው እዚሁ ይሁን። አደራህን፣ ልጄ» ብለውኝ ሄዱ። መብራቱ የመጣው መኪናዋ ከተማዋን ሳትለቅ ነው መሰለኝ።

በማግስቱ ካሴቱ ይሠራ እንደሆነ ለማየት አስገባሁት። ልጁን ወዲያው አወቅሁት፣ ከእናቱ አፍንጫ ተቆርጦ የወጣ ነው። አግዳሚ ወንበር ጭንቅላቱ ላይ ተሸክሞ ከዳሱ ሲገባ ካሜራው ይከተለዋል። ዞር ይልና ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ይስቃል፤ «እኔን ተወኝና ሙሽራዋን አንሣ!» ይላል። ይኸው ነው፤ ከዚያ በኋላ ብቅ ጥልቅ ይላል እንጂ አይናገርም። ያን ቦታ መልሼ መልሼ አየሁት። እናቱ ሳያዩት እኔ ባዕዱ ማየቴ ኋላ ላይ ምን ያህል እንደሚከብደኝ ያን ቀን አላወቅሁም።

ሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ መብራት ነበር። ማጫወቻው ግን ተቆልፎበታል፤ ጥናቱ እስኪጠናቀቅ ሁለቱም እንዳይነኩ ተብሎ ተወስኗል። ቁልፉ ሊቀ መንበሩ ኪስ ውስጥ ነው፣ ሊቀ መንበሩ ደግሞ ለስብሰባ መዘዞ ከተማ ሄዷል። ለእኚያ እናት ይህን እንዴት ብዬ ላስረዳ? «እቃው እየተጠና ነው፤ ተቆልፎበታል፣ ቁልፉም የለም» አልኳቸው፤ ስናገረው በራሴ አፈርኩ። እሳቸው ሳይቆጡ «ትምህርታችሁን ይግለጥላችሁ» ብለው መረቁኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሲወጡ ቁም ሣጥኑን በርግጫ መታሁት፤ የተጎዳው የገዛ ጣቴ ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ጮህኩ። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይላል ያገሬ ሰው። ሁለቱንም ብንይዝ ምን እንሆናለን?» አልኩ። ሊቀ መንበሩ ፈገግ አለ። «ተረቱ የወላዋይ ተረት ነው፣ ጓድ። አቋም ያስፈልጋል» አለኝ። አቋሙ ትልቁ ሆነ። ትንሹን ነጋዴው መጥተው እንዲረከቡ ተላከባቸው፤ ዓርብ ይወስዳሉ ተባለ። እናትየው ደግሞ ለቅዳሜ ገበያ እንደሚመጡ ልከውብኛል። አንድ ቀን ብቻ ይቆይ ብዬ ለመንኩ። «ቃለ ጉባኤው ላይ ዓርብ ተብሎ ተጽፏል» አለኝ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ እሱን እንኳ በወጉ ማበላሸት አልቻልኩም።

ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ሠርጉን ከትንሹ ካሴት ወደ ትልቅ ካሴት ልገለብጠው ቆረጥኩ። ሁለቱን ማጫወቻዎች በሽቦ አገናኝቶ ማስተላለፍ ይቻላል፤ አንዱ ያጫውታል፣ ሌላው ይቀበላል። በዚህ መንገድ ትንሹ ቢሄድም ልጁ ይቀርልናል። እንዲያውም ደስ አለኝ። አራት ወር ካባከንነው ነገር ውስጥ አንድ የረባ ሥራ ሊወጣው ነው ብዬ እያፏጨሁ ነበር ክበቡ የገባሁት።

እዚህ ላይ ስለ ማዘዣ ቁልፎቹ መናገር አለብኝ። ከወራት በፊት ሊቀ መንበሩ በማጫወቻዎቹ ላይ ያለው የፈረንጅ ጽሑፍ ሁሉ በአማርኛ ይተካ ብሎ ነበር፤ ያኔ እንኳ አልተቃወምኩም፣ አሳላፊያችን የፈረንጅ ፊደል አያውቁም። በየቁልፉ ላይ ትንንሽ ወረቀት እየለጠፍኩ «አጫውት»፣ «አቁም»፣ «መልስ» ብዬ ጻፍኩ። ክርክር የተነሣው የነበረውን አጥፍቶ አዲስ ነገር በካሴት ላይ የሚያሰፍረው ቀዩ ቁልፍ ላይ ነው። ሊቀ መንበሩ «መዝግብ» ይባል አለ። እኔ «ቅዳ» ነው የሚባለው ብዬ ተነሣሁ። «ሕዝቡ ዘፈን ከሬዲዮ ቀዳሁ ይላል እንጂ መዘገብኩ አይልም። መዝገብ የፍርድ ቤት ነው!» አልኩ፤ አዳራሹ ሳቀ፣ አጨበጨበም። በአራት ወር ውስጥ ያሸነፍኩት ብቸኛ ክርክር ይኸው ነው።

ጥናቱ ስላለቀ የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ለአሳላፊው ተመልሷል፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እሳቸውና እኔ ብቻ ነበርን። ቮልቴጁ ደካማ ስለሆነ መብራቱን የሚያስተካክለው ዕቃችን ከሁለት በላይ አይሸከምም፤ ሁለቱን ማጫወቻዎች ለመሰካት ቴሌቪዥኑን ነቀልነው። በጭፍን ነው የምንሠራው ማለት ነው። የሚያገናኛቸው ሽቦ ደግሞ ከትልቁ ጀርባ ላላ ያለ ነበርና በእጄ ደግፌ መያዝ ነበረብኝ። ከጠረጴዛው ኋላ ተንበረከክሁ፤ የማየው ግድግዳውን ነው።

«አባቴ፣ ከትንሹ ወደ ትልቁ ነው የምንቀዳው» አልኳቸው። «ዝግጁ ነዎት? በሉ፣ ከትንሹ ይቅዱ! ትልቁንም ያስነሡት!»

ሁለቱም ማጫወቻዎች ሲሽከረከሩ ሰማሁ። «ቀዩ መብራት በርቷል?» አልኩ። «እንደ ፍም በርቷል፣ መምህር» አሉኝ። አንድ ሰዓት ያህል ተንበርክኬ፣ ጉልበቴ እየደነዘዘ፣ ሽቦውን እንደ ሕፃን እጅ ይዤ ቆየሁ። በመሃል ሻይ አመጡልኝ፤ በአንድ እጄ ጠጣሁ።

ሲያልቅ ቴሌቪዥኑን ሰካንና ትልቁን ካሴት አየነው፤ ባዶ ነው። አልተቀዳልንም፣ እንደግመው ብዬ ትንሹን ካሴት አስገባሁ። እሱም ባዶ ነው። መለስኩት፣ አስኬድኩት፣ ደግሞ መለስኩት። ከዳር እስከ ዳር ሽው የሚል ነጭ በረዶ እንጂ ዳስ የለም፣ ሙሽራ የለችም፣ አግዳሚ ወንበር የተሸከመ ሰው የለም።

«የቱን ነው የተጫኑት?» አልኳቸው።

«በትንሹ ላይ ‹ቅዳ›ን ነዋ፣ በትልቁ ‹አጫውት›ን» አሉኝ። «ከትንሹ ቅዳ አላሉኝም?»

«ቅዳ የሚባለው በሚቀበለው ላይ ነው እንጂ!»

ሽማግሌው ግራ ተጋብተው ተመለከቱኝ። «መምህር፣ ዕድሜዬን ጠጅ ስቀዳ ኖሬያለሁ። የሚቀዳ ሰው እጁ ሙሉው ላይ ነው፤ በባዶው ብርሌ ምን ይቀዳል?»

ልክ ናቸው። ውኃ ከምንጭ ይቀዳል፣ ጠላ ከጋን ይቀዳል፤ ቅዳ የተባለ ሰው የሚይዘው የሞላውን ነው። እኔ አማርኛ አስተማሪው፣ በግሥ እርባታ ተማሪ የምገርፈው ሰውዬ፣ ይህን አላሰብኩም። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል የሚለውን ስንት ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ። «መዝግብ» ተብሎ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌው ባዶውን ይጫኑ ነበር፤ ባዶ መዝገብ ላይ ነው የሚመዘገበው። ያ የምጠላው ሰውዬ በአራት ወር አንድ ጊዜ ትክክል ተናገረ፣ ያንኑ አንዱን እኔ በጭብጨባ አስጣልኩት። የሆነው ሲገባቸው ሽማግሌው መሬት ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። እኔ ማልቀስ እንኳ አቃተኝ፤ የተለጠፉትን ወረቀቶች አንድ በአንድ በጥፍሬ ላጥኳቸው።

ማምሻውን ለሊቀ መንበሩ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢቆጣ ደግሞ እኔም የምናገረው ነበረኝ። ደብተሩን ገልጦ አየና «ካሴቱ በአደራ የተቀመጠ የግል ነው። የክበቡ ንብረት አልጎደለም» አለ። «ግለ ሂስ ታደርግና አጀንዳው ይዘጋል።» ይህን ሰው በዚያች ደቂቃ እንዴት እንዳላነቅኩት እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ግን በምን አንገት? ካሴቱ ላይ የተሠራው በእኔ ቃል፣ በእኔ ትእዛዝ ነው።

ዓርብ ነጋዴው መጡ። ማጫወቻውን በብርድ ልብሳቸው ሲጠቀልሉ የሆነውን ነገርኳቸውና በአንኮበር ሲያልፉ ለእናትየው እንዲያስረዱልኝ ለመንኳቸው። እጃቸው ቆመ። «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አሉ። «መምህር፣ የልጁን መርዶ ይዘን ከሄድነው አንዱ እኔ ነኝ። ሁለተኛ አልሄድም። አይፍረዱብኝ» አሉኝና ዕቃቸውን ተሸክመው ወጡ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ እናትየው ደረሱ። የታጠበ ነጠላ ለብሰዋል፣ ፀጉራቸውን በአዲስ ሻሽ አስረዋል፤ ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ ይመስሉ ነበር። አሳላፊው ሻይ አቀረቡላቸውና ዓይናቸውን ሳያነሡ ወጡ። «ዛሬስ መብራቱ አለ አይደል?» አሉኝ፤ አለ አልኳቸው። «ቁልፉስ?» አሉ፤ እሱም አለ አልኳቸው። «ተመስገን» አሉና ከፊት ወንበር፣ ከቴሌቪዥኑ ትይዩ ተቀመጡ።

የምናገረውን አዘጋጅቼ ነበር። ከሩቅ ጀምሮ፣ በትእግሥት የሚያስረዳ፣ መግቢያና መደምደሚያ ያለው ንግግር ነው። ፊታቸውን ሳየው አንዱም አልመጣልኝ። ከጠረጴዛው አጠገብ እንደተገተርኩ አንዲት ቃል ብቻ ከአፌ ወጣች።

«እማማ፣ አጥፍቻለሁ።»

የቴሌቪዥኑን ጨለማ መስተዋት አዩት፣ መልሰው እኔን አዩኝ። የምን መጨነቅ ነው በሚል ዓይነት ፈገግ አሉ።

«ታዲያ አብራዋ፣ ልጄ» አሉኝ፤ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አሉ።